ኣሰለፈች የጭነት መኪና ልትገዛ የሄደች ጊዜ

ኣሰለፈችን መቐለ ውስጥ ማር የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቃታል። የማያውቃት ያ የመኪና መሸጫ ብቻ ነበር።

እኔ ካወቅኳት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አስተማሪ ነበር። ከወልድያ ወደዚህ ሲዛወር የተከራየነው ቤት ወደ ዓይናለም በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ቀጭን ልጅ ሁለት ቅል ማር አንጠልጥላ ስትገባ ስትወጣ አያታለሁ። እኔ ትግርኛ አልችል፣ እሷ አማርኛ አትችል። ማሩን ስታቀምሰኝ ግን ማንኪያውን እስከ ታች ትሰደውና ከሥሩ ዝቃ ታወጣልኝ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አታላይ ነጋዴ ጥሩውን ከላይ ያደርግና ከታች ስኳር የገባበትን ይሞላዋል። እሷ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሆና፣ ሳልጠይቃት፣ ሥሩን ነበር የምታሳየኝ። አማርኛውን ከኔ ተማረች፣ ትግርኛውን እኔ ከሷ ተማርኩ። ሁለታችንም እየተሳሳቅን ነው የተማርነው፤ ዛሬም ቢሆን ሁለታችንም በደንብ አንችልም።

ባንኩም መንገዱም በተዘጋብን በዚያ ክፉ ጊዜ ኣሰለፈች አህያ እየነዳች በእግሯ ኣጽቢ ድረስ ሄዳ ማር አምጥታለች። ሦስት ቀን መሄጃ፣ ሦስት ቀን መመለሻ። ያመጣችውን ደግሞ ግማሹን አልሸጠችውም። ጎረቤት ውስጥ ቁስል ያለበት ሰው ሲኖር በስኒ ትልክ ነበር። የኔ ልጅ እግሩ ሲመግል ሁለት ስኒ ልካልኛለች። ይህን የምጽፈው ምን ዓይነት ሰው እንደናቁ እንዲታወቅ ነው።

ሰላም ሆኖ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ንግዷ ሰፋ። ማሩን የምታመጣው በኪራይ ፒካፕ ነበር። ባለፒካፑ በየሳምንቱ ኪራይ ይጨምራል። እሺ ብላ ትከፍላለች። ባለፈው ኅዳር ግን ከኣጽቢ ሲመለሱ የተሻለ የሚከፍለው ሌላ ሰው ደወለለትና ዕቃዋን መሐል መንገድ ላይ አራግፎ ሄደ። አሥራ ስምንት ባልዲ ማር፣ በዚያ ላይ የሌሎች ሴቶች ቅቤ ነበረ። ቀኑን ሙሉ በነጠላዋ እየከለለች ብትጠብቀውም የቅቤ ነጋዴዎቹ የነሀፊሳ ቅቤ ቀልጦ መሬት ጠጣው። ማታ ቤቴ መጥታ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የራሴን መኪና እገዛለሁ፣ ሓፍተይ።»

ሓፍተይ ማለት እህቴ ማለት ነው። እኔን ከዚያ ሌላ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ሴቶቹ ዕቁብ አላቸው። የማር፣ የቅቤና የበርበሬ ነጋዴዎች ናቸው፣ ሃያ ሁለት። እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ ጸሐፊያቸው ነኝ። ኣሰለፈች ተነሥታ የመጀመሪያው ዕቁብ ያለ ዕጣ ለሷ እንዲሰጣት ጠየቀች። መኪናውን ከገዛች የሁሉንም ዕቃ ለሁለት ዓመት በኪራዩ ግማሽ እንደምትጭን ቃል ገባች። ሴቶቹ ሲከራከሩ ዋሉና እሺ አሉ፤ ግን በውል አሰሯት። መኪናው እስከ ግንቦት ሠላሳ ካልተገዛ ብሩ ተመልሶ ዕጣ ይወጣበታል። የተገዛበት ደረሰኝም ዕቁቡ ፊት ይነበባል። ሀፊሳ ዋስ ሆነችላት፣ ቅቤዋ የፈሰሰባት ያችው ሀፊሳ። የዕቁቡ ብር፣ የኣሰለፈች የዕድሜዋ ቁጠባና የአንገቷ ወርቅ ሲደመር ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺ ብር ሆነ። ወርቁን ስትሸጠው አብሬያት ነበርኩ። አንገቷን በእጇ ዳሰስ አደረገችና ሄድን።

መሸጫው ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ላይ ያለ ትልቅ የመስታወት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። የምትፈልጋት መኪና፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ ትንሽ የጭነት መኪና፣ በመስታወቱ ውስጥ ከመንገድ ትታያለች። ሌሎቹ መሸጫዎች እንዲህ ዓይነቷን አዲስ አበባ ሄዳችሁ ፈልጉ ነው ያሉን። ወረቀት ካለ ላነብላት አብሬያት ሄድኩ።

ዘበኛው በር ላይ አቆመን።

«ማንን ፈልጋችሁ ነው?»

«መኪና» አለች።

«የማን መኪና?»

«ገና የማንም አይደለችም። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

አስገባን። ወለሉ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ያንሸራትታል። ኤልሳዕ የሚባል ሻጭ፣ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል፣ ከስልኩ ቀና ሳይል መጣ።

«ማዘር፣ ምን ልርዳሽ?»

«ያቺ ነጯ ስንት ናት?»

«ባለቤትሽ አብሮሽ አልመጣም?»

«ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው።»

«እሺ፣ ሲወጣ ይዘሽው ነይ።»

«አይወጣም። ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

ልጁ ትንሽ ደነገጠ፤ ግን አልተመለሰም። ወንድ ልጅ አለሽ ወይ አላት። ሴት ልጅ እንዳላት፣ ዓወት እንደምትባል፣ መንጃ ፈቃዷን አውጥታ እንደጨረሰች፣ ብሩ ግን የራሷ የኣሰለፈች እንደሆነ ነገረችው። ከፕላስቲክ ጫማዋ እስከ ነጠላዋ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ የያዝኩትን ዣንጥላ አየ። ሲያየን ዋጋውን እየሠራ ነበር፤ ዓይኑ ላይ ይታይ ነበር።

«ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሺ» አለ።

በዚህ መሐል አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ገባ። ኤልሳዕ እኛን ትቶ እየሮጠ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ይምጣልዎት?» አለው። እኛን አንቺ፣ እሱን እርስዎ። እኔ እንኳ ነጭ ፀጉሬን በሻሽ አልሸፈንኩትም ነበር፤ ይታያል። ወንበሩንም ከኔ አጠገብ አንሥቶ ለሱ ወሰደለት። ቁጣዬ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው።

ኣሰለፈች ግን ሥራዋን ያዘች። መኪናዋን በጣቷ እያንኳኳች ዞረቻት። በሩን ከፍታ አሸተተችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወለሉ ላይ ተንጋለለችና ከሥሯ ገባች።

«ማዘር! ማዘር! ምን ሆነሽ ነው? ልብስሽ ይቆሽሻል!»

«ወለላችሁ ንጹሕ ነው» አለች ከሥር ሆና። «መኪና ከላይማ ሁሉም ቆንጆ ነው። ይሄ ዝገት ምንድን ነው?»

«የቱ ዝገት?»

«ና ተኝተህ እየው።»

አልተኛም። ወጣች፣ ነጠላዋን አራገፈችና ዋጋ ጠራች።

«አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ።»

ሳቀ። «ማዘር፣ ይሄ እኮ ገበያ አይደለም።»

«የሚሸጥ አለ፣ የሚገዛ አለ። ገበያ ካልሆነ ምንድን ነው? ሆስፒታል ነው?»

ኮት የለበሰው ሰውዬ እንኳ ፈገግ አለ። ኤልሳዕ ግን ዋጋው አይነካም፣ ነገ ደግሞ ይጨምራል፣ ዶላር ነው፣ እያለ ያወራል። ኣሰለፈች አንድ ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ አለች። ከዚያ ሁለት ሚሊዮን አለች። እሱ አራት መቶ ሰማንያውን እንደ ጸሎት ይደግማል። በመጨረሻ፣ «በቃ ይቅር፣ ደህና ዋል ወደይ፣ ልጄ» አለችና ዞራ መሄድ ጀመረች።

ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገዢ ዞር ብሎ ሲሄድ መሄዱ አይደለም። ሰባት ስምንት እርምጃ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ሻጩ ከኋላ «ነይ እንጂ! ነይ ውሰጂው!» ይላል፤ ገዢውም ፊቱን ክፉ አድርጎ ይመለሳል። የመጨረሻው ዋጋ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። ኣሰለፈች ሠላሳ ዓመት እንዲህ ገዝታለች፣ እንዲህም ሸጣለች። ሻጭ ሆና ዞሮ የሄደ ሰው ሳትጠራ ያሳለፈችበት ቀን የለም፤ ነውር ነው።

ሰባት እርምጃ ሄድን። ዝም። በሩ ጋ ደርሳ ነጠላዋን ለማስተካከል ቆመች። ዝም። ከበሩ ወጣን፣ ዘበኛውን አለፍን፣ አስፋልቱን ተሻገርን። መስታወቱ ውስጥ ኤልሳዕ ለሰውዬው ውሃ ሲቀዳለት ይታያል።

«ይጠራናል» አለችና ከመንገዱ ማዶ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ካልጠራንስ?»

«የማይጠራ ሻጭ የለም። ይሄ ትንሽ ኩራተኛ ነው።»

አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። በየደቂቃው ወደ በሩ ታያለች፤ አይታ ደግሞ እንዳላየ ሰው ጫማዋን ትጠርጋለች። ይቺን ሴት፣ ማሯን የቀመሰ ሁሉ ስሟን እየጠራ የሚያመሰግናትን፣ እንደ ለማኝ በር ላይ አስቀመጧት። ተነሥተን እንግባ ብላት፣ «እኔ ከገባሁማ አራት መቶ ሰማንያውን ተሸክሜ ነው የምወጣው» አለች። ገበያ ውስጥ እንዲህ ሲሆን አብሮ የመጣ ሰው የረሳውን ዕቃ ሊወስድ ይመለሳል፤ ሻጩም ለዚያ ሰው ዝቅ አድርጎ ይነግራል። እኔም ዣንጥላዬን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ፣ ዣንጥላ ረሳሁ ብዬ ገባሁ።

ኤልሳዕ ሰውዬውን ይዞ ጓሮ ወጥቷል። ሒሳብ ተቀባይዋ፣ ዳናይት የምትባል ለግላጋ ልጅ፣ ጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የተዘረጋ ወረቀት አለ። መነጽር አላደረግኩም፤ ግን ቁጥሩ ትልቅ ነው። የነጯ መኪና ስም፣ ከዚያ «ከነታክሱ»፣ ከዚያ ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሃምሳ ሺ ብር ይላል። ማኅተም አለበት።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄ የዚያች የነጯ ዋጋ ነው?»

ግራ ቀኝ አየች። «አዎ፣ ኣደይ» አለች በትንፋሿ፣ እናቴ ማለቷ ነው፤ ወረቀቱን ወደኔ ትንሽ ገፋ አድርጋ መልሳ ሳበችው። የሷ ውለታ አይረሳኝም።

ወጥቼ ለኣሰለፈች ነገርኳት። ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷን እንደዚያ ሆኖ ያየሁት ያ ባለፒካፕ የጣላት ቀን ብቻ ነው። ሦስት መቶ ሠላሳ ሺ ብር! የነጠላ ዋጋ ነው? የፕላስቲክ ጫማ ዋጋ ነው? ማንበብ የማይችሉ አሮጊቶች ናቸው ብሎ የጨመረብን እንደሆነ ነው የመሰለኝ፤ ጉዳዩ ግን ከዚያም የባሰ ነበር።

ገባች። አልተከራከረችም። ከጓሮ ለተመለሰው ለኤልሳዕ፣ «በሁለት ሚሊዮን መቶ ሃምሳ ስጠኝ» ብቻ አለችው።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ወረቀታችሁ።»

ልጁ ቀላ፣ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁን ይዞ ወጣ። ሃብተማርያም ይባላል። አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ፣ ትሑት ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ጨበጠን፣ እርስዎ እያለ አናገረን፣ ወንበር አስመጣልን። ያስቀየመኝ ከልጁ ይልቅ እሱ ነው።

«እትየ፣ ልጁ አላስረዳዎትም» አለ። «በወረቀቱ ያለው ዋጋ ለደረሰኝ ነው። ሁለት ሚሊዮን መቶ ሃምሳውን በባንክ ያስገባሉ፣ ደረሰኝ እንቆርጥልዎታለን። ሦስት መቶ ሠላሳውን ደግሞ በእጅ ያመጡልናል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው።»

«ለሦስት መቶ ሠላሳውስ ምን ወረቀት ትሰጠኛለህ?»

«እሱ በመተማመን ነው።»

«ማንን ነው የማምነው?»

«እኛን ነዋ፣ እትየ።»

ኣሰለፈች ወደኔ ዞረች። «ሰማሽ?» አለችኝ። ከዚያ ለሱ አስረዳችው፤ የሃያ ሁለት ሴቶች ገንዘብ እንደሆነ፣ ደረሰኙ ዕቁብ ፊት እንደሚነበብ። «ያን ያህል ብር ከየትም የለኝም። ተበድሬ ባመጣው እንኳ፣ ወረቀቱ መቶ ሃምሳ እያለ የቀረው የት ገባ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? በልቻለሁ ልበላቸው? እኔ ከሴቶቹ ጋር ነው የምኖረው፣ ካንተ ጋር አይደለም።»

«ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ላድርግልዎት።»

«አልገባህም» አለችው። ተነሥታ ሄደች።

በሩ ጋ ነጠላ አላስተካከለችም። ከኋላ «እትየ! ይመለሱ! ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ!» ሲል ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ።

«እየጠራሽ እኮ ነው» አልኳት።

«ሰማሁት። ሌብነት አብረን እንሥራ ብሎ ነው የሚጠራኝ።»

እንዲህ ትበል እንጂ ቤት ስንገባ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ግንቦት ሠላሳ ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አዲስ አበባ ሄዶ መግዛት የአውሮፕላኑን፣ የአልጋውን፣ መኪናውን እዚህ ድረስ ማስመጫውን አስቢው አለችኝ። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን ሀፊሳን ነበር። ዋስ ሆና ስሟን የሰጠቻትን ሴት በሰው ፊት ልታሳፍራት ነው።

እሑድ ዕቁብ ተሰበሰበ። ኣሰለፈች ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ዞራ መሄዷን፣ አለመጠራቷን፣ ድንጋዩን፣ ወረቀቱን። ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ ስትል ጥቂቶቹ ሳቁ፤ ሳቁን ግን አልጨረሱትም። በርበሬ ነጋዴዋ ሮሃ፣ አፈኛ ናት፣ «እንግዲያው ብሩ ይመለስና ዕጣ ይውጣ። ቃል ቃል ነው» አለች። ሁለት ሦስት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሀፊሳ እጇን አነሣች።

«ቀኑ ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም» አልኩ ደብተሬን አይቼ። «አሥር ቀን አለ።»

«እንግዲያው አፍሽን ያዥ፣ ሮሃ። ይልቅ ልጠይቃችሁ። በጎደለ ጣሳ ስትሸጥ የተያዘችውን ሴትዮ ምን አደረግናት?»

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ ሁሉም። የገበያ ሴቶች ልማድ ነው። አንዲት ነጋዴ በሚዛን ወይም በጣሳ ስታታልል አይሰድቧትም፣ አይመቷትም። ቀኑን ሙሉ አንድ በአንድ እየሄዱ ዋጋ ይጠይቋታል። ትመልሳለች፤ አመስግነው ይሄዳሉ፤ ሌላዋ ትመጣለች። ሌላ ገዢ ሊጠጋት አይችልም፤ ቢጠጋም ጥያቄውን ይሰማል። እስከ ማታ ጣሳዋን ቀይራ ትመጣለች።

«እነሱ እኮ ትልቅ ድርጅት ናቸው» አለች አንዷ።

«ዋጋ መጠየቅ ተከልክሏል?» አለች ሀፊሳ።

ሰኞ ጠዋት እኔና ኣሰለፈች ድንጋያችን ላይ ተቀመጥን። እኔ ደብተሬን ይዣለሁ። መጀመሪያ ሀፊሳ ገባች። ስትወጣ፣ «አራት መቶ ሰማንያ አለኝ። በደረሰኝ ስንት ነው ስለው ዝም አለ» አለችኝ። ጻፍኩ። ዘበኛው ገና አልተነቃነቀም። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሌላዋ ገባች፣ ከዚያ ሌላዋ። አምስተኛዋ «አራት መቶ ሃምሳ» ብላ ወጣች፤ ጻፍኩ። ስምንተኛዋ ወንበር ስጡኝ እግሬን ያመኛል ብላ ተቀምጣ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ዋጋ ጠይቃ ወጣች። ውሃውን አመሰገነች። ሮሃ፣ ዕጣ ይውጣ ስትል የነበረችው፣ ገብታ ከመኪናዋ ሥር ተንጋለለችና ከዚያ ሆና በሙሉ ድምፅዋ ትጠይቅ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ለኛ ይሰማናል።

«ወንድሜ! በደረሰኝ ስንት? ያለ ደረሰኝስ ስንት? አንድ ላይ ጠቅልለህ ንገረኝ፣ ከዚህ ልነሣ አልቻልኩም!»

ቀትር ላይ አንድ ባልና ሚስት የቤት መኪና ሊገዙ መጥተው እየተዋዋሉ ሳለ ሙስሊማ፣ ታናሿ ቅቤ ነጋዴ፣ ገባች። ጥያቄዋን ጠየቀች። በኋላ እንደነገረችን፣ ሚስትየዋ ቀና ብላ፣ «የኛስ በደረሰኝ ስንት ነው?» አለች። ኤልሳዕ መልስ ሲፈልግ ባልየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ያስገቡትን ወረቀት አንሥተው ወጡ።

አሥራ አራተኛዋ ሴት ገና በር ላይ ስትደርስ ሃብተማርያም ራሱ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ድንጋያችን መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«እትየ ኣሰለፈች፣ በፈጠረዎት፣ ሴቶቹን ያስቁሙልኝ።»

«ምን አደረጉ? ሰረቁ?»

«አልሰረቁም።»

«ተሳደቡ?»

«አልተሳደቡም። ዋጋ ነው የሚጠይቁት።»

«ታዲያ ንገራቸዋ።»

ቆመ። መሬት መሬቱን አየ። «በወረቀቱ ይውሰዷት» አለ። «ሁለት ሚሊዮን መቶ ሃምሳ፣ ሙሉ ደረሰኝ።»

«ጻፈው» አለችው። እኔም ደብተሬን ገልጬ እስክሪብቶ ሰጠሁት። ፀሐይ ላይ ቆሞ ጻፈ፣ ፈረመ። ቀሪዎቹ ስምንት ሴቶች ተራቸው ስላልደረሰ ተቀየሙን፤ ሙስሊማማ ደግሜ ልግባ ስትል ነው የያዝናት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ዋጋው እኮ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዲት ሴት የተጻፈ ዋጋ ከፍላ ለመውጣት ሃያ ሁለት ሴት ማሰለፍ አለባት? ብቻዋን የመጣችዋስ? ያ ኮት የለበሰውስ ሰውዬ፣ ውሃ እየተቀዳለት ስንት በእጁ አምጥቶ ይሆን? በዚህ ከተማ ያየነውን አይተን፣ የተራብነውን ተርበን፣ ደግሞ እርስ በርሳችን?

ሐሙስ ዕለት ብሩ በባንክ ገባ። ደረሰኙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሙሉ ነው። ዓወት መንጃ ፈቃዷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ኤልሳዕ ቁልፉን አምጥቶ ከሰጠ በኋላ፣

«የቻርጅ ገመዱ ለብቻው ነው» አለ። «ሠላሳ ስምንት ሺ።»

ኣሰለፈች ወደሱ ዞረች። «ላም ስትሸጥ አፏን ታስቀራለህ?» አለችው።

«የድርጅቱ አሠራር ነው፣ እትየ።» እርስዎም ማለት ጀምሯል። «ሳይወስዱ መሄድም ይችላሉ።»

«ሄጄስ በምን ልመግባት?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ለሰሌዳና ለመድኅን የቀራት አምሳ ሺ ብር ነው። ከዚያ ላይ ሠላሳ ስምንት ቢነሣ መኪናዋ ግቢ ቆማ ልትቀር ነው። ዣንጥላዬን ወለሉ ላይ መታሁት። እሷ ግን እጄን ያዝ አደረገችኝ። ኤልሳዕ ትልቅ ቀይ ሪባን አውጥቶ መኪናዋ አፍንጫ ላይ እያሰረ ነበርና።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለፎቶ ነው። ቁልፉን ይዘው ከመኪናዋ ጋር እናነሣዎታለን። በገጻችን ላይ እናወጣዋለን። ሴት ነጋዴ፣ በራሷ ገንዘብ! ሰው በጣም ይወደዋል።»

«ከዚያ ሰው ይመጣል?»

«በደንብ ነዋ! የሰኞው ወሬ በከተማው ተሰምቶ እኮ ነው…» ብሎ አቋረጠው።

«ገባኝ» አለች። «ስንት ነው?»

«ምኑ?»

«ፊቴ። የምትሸጡበት ፊት የኔ ነው። ስንት ነው የምትገዙት?»

ዳናይት ከጠረጴዛዋ ሥር አጎንብሳ ሳቀች። ኤልሳዕ መጀመሪያ እንደ ቀልድ አየው። ኣሰለፈች ግን አትቀልድም። አርባ ሺ ብላ ጠራች። ኧረ እትየ ብሎ አምስት ሺ አላት። ሠላሳ ዘጠኝ አለች። ሃብተማርያም ከቢሮው ወጣ፤ ነገሩን ሰማ፤ ወደ በሩ አየ፤ ሀፊሳና ሮሃ መኪናዋን ሊያዩ መጥተው ዘበኛውን ሰላም እያሉት ነው።

«ገመዱን ስጣት» አለ።

«በደረሰኝ» አለች ኣሰለፈች።

ዳናይት የገመዱ ዋጋ ተከፍሏል ብላ ደረሰኝ ቆረጠችላት። እሑድ ዕለት ሁለቱንም ደረሰኝ ዕቁብ ፊት ቆሜ አነበብኩ፤ ሀፊሳ ከዋስነቷ ተፈታች፤ ሮሃ ቅቤና በርበሬ አንድ ላይ አይጫንም ብላ አዲስ ጠብ ጀመረች።

ፎቶው ወጥቷል። ዓወት በስልኳ አሳየችኝ። ከሥሩ «ደስተኛ ደንበኛችን» ብለው ጽፈዋል። ኣሰለፈች ሪባኑን አስወግዳ፣ ቁልፉን ለልጇ ሰጥታ፣ ገመዱን በሁለት እጇ አንቃ ይዛ ቆማለች። ደስተኛ አትመስልም።